እህልንም አካባቢንም የሚጠብቅ መጋዘን፦ ለመሥራት ለምን ያስቸግራል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ብዙ ይነገራል። መነገሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ ያመረተው እህል ከአውድማ ከተነሳ በኋላ ስለሚያድርበት ቤት የሚነገረው ጥቂት ነው። ግድግዳና ክዳን ካለው ይበቃል ተብሎ ይታለፋል። ዛሬ የሚነሳው ጉዳይ ይኸው ቤት ነው። አካባቢን ሳይጎዳ፣ እህልም ሳያበላሽ፣ ከአባላት አቅም ሳይወጣ የሚሠራ መጋዘን ምን ይመስላል? ለመሥራትስ ለምን ያስቸግራል?

ከወይና ደጋ ቀበሌዎች በአንዱ የሚገኝ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋዘን አሠርቶ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በምረቃው ዕለት ሰንጋ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ ደስ ብሏቸው ዋሉ። በሁለተኛው ክረምት ማግስት ከመስኮቱ ሥር እስከ መሠረቱ ድረስ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ የመጋዘን ጠባቂዋ ከላይ የተደረደሩትን ጆንያዎች ስታነሳ ረጥበው አገኘቻቸው። በቆሎው ሻግቷል፣ ሽታውም ተለውጧል። ጣራው ያፈሳል ተብሎ ሰው ወጥቶ አንድ በአንድ ቢፈትሽ ቀዳዳ ጠፋ። አንድ አዛውንት አባል ጆንያውን ዳሰው፣ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩና፣

«ልጄ፣ ጣራው አላፈሰሰም። ያላበው እህሉ ነው፤ ላቡ ተመልሶ ወረደበት» አሏት።

«አባባ፣ እህል ደግሞ ያልበዋል እንዴ?»

«የድስት ክዳን ስታነሺ ውሃ ጠብ አይልሽም?»

አዛውንቱ የተናገሩት ትክክለኛ ሳይንስ ነው። ቀን ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ከእህሉ እርጥበት ይወስድና ወደ ላይ ይወጣል። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ከማንኛውም ነገር ቀድሞ ይቀዘቅዛል። እርጥበት ያዘለው አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ጠብታ ይሆንና በላይኞቹ ጆንያዎች ላይ ይንጠባጠባል። በተለይ በቆሎው በሚገባ ሳይደርቅ፣ እርጥበቱ ከመቶ 13 ሳይወርድ ከገባ ነገሩ ይብሳል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ የሚፈጥሩት አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ደግሞ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ይዳርጋል። በማብሰልም አይጠፋም። ስለዚህ ላብ የተባለው ነገር የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በቆሎው ተመልሶ የሚገባው አባላቱ ቤት ነው።

ስንጥቁስ? መጋዘኑ የቆመው መረሬ ላይ ነው። መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዲህ ዓይነት አፈር የለበሰ ነው። ለጤፍና ለሽምብራ ተስማሚ የሆነው መሬት ለመሠረት ግን ተንኮለኛ ነው፤ በየዓመቱ ቤቱን ያነሳዋል፣ መልሶም ያስቀምጠዋል። ብሎኬት ደግሞ መተጣጠፍ አያውቅም፤ ያለው ምርጫ መሰንጠቅ ነው። የቀበሌው ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሞፈሩን የሚሰብርበት አፈር ስለሆነ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነገር ግን ፕላኑ ሲመጣ የጠየቀው አልነበረም። ፕላኑ ለሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ለቀይ አፈር የተሠራ ነበር።

አካባቢን የማይጎዳ ግንባታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በግቢው ውስጥ ችግኝ መትከልን ነው። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ጉዳዩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ዕቃው ከየት ተቆረጠ ወይም ከየት ተቆፈረ? ለመሥራት ስንት እንጨት ወይም ስንት ነዳጅ ፈጀ? በስንት ኪሎ ሜትር ተጓጓዘ? ከተሠራ በኋላስ ያለ መብራትና ያለ ማሽን በራሱ ይቀዘቅዛል ወይ? ስንት ዓመት ይቆያል? ሲፈርስ ወደ አፈር ይመለሳል ወይስ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል? በሦስት ዓመት ተሰንጥቆ እንደገና የሚገነባ ቤት ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ የበላ፣ ሁለት ጊዜ አሸዋ ያስቆፈረ ቤት ነው።

ችግሩ ታዲያ አንዱን ሲያበጁት ሌላው መበላሸቱ ነው።

የአየርን ነገር እንውሰድ ቢባል፣ ላቡን ለማስቀረት መጋዘኑ አየር ያስፈልገዋል። ከክፈፉ ሥር ወንፊት ሽቦ የለበሱ ቀዳዳዎች ቢኖሩት፣ ከታችም እንዲሁ ቢኖሩት፣ የሞቀው አየር ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካል። ነቀዝ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እንደ ጉድ ይራባል፤ ከ15 በታች ሲወርድ መራባቱ ይገታል። ስለዚህ የደጋና የወይና ደጋ ሌሊት ብርድ ያለ ዋጋ የተሰጠ የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ ቤቱ አስገብቶ መያዝ ከቻለ። እዚህ ላይ ግን ነቀዝ ከተነሳ በኋላ በጭስ መድኃኒት ማጠን የግድ ሲሆን፣ ቤቱ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት። ጋዙ ካመለጠ ነቀዙ አይሞትም፤ የተረፈው ነቀዝ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ አጠገብ ያለ ሰውም ሊመረዝ ይችላል። ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ? ሁለቱም ይሁን ማለት ነው መልሱ፤ ማለትም እያንዳንዱ ቀዳዳ ልክ የሚገባ መዝጊያ ይኑረው፤ አየሩ እርጥብ በሆነበት የክረምት ቀን የሚዘጋው፣ ብርዱ ደረቅ በሆነበት ሌሊት የሚከፍተው ሰው ይኑር። እዚህ ላይ ሥራው ከግንበኛው እጅ ወጥቶ በጠባቂዋ እጅ ይወድቃል። ብዙ ማኅበራት ለመጋዘኑ ገንዘብ ሲመድቡ ለጠባቂዋ ሥልጠና ሳንቲም አይመድቡም።

አባቶች ይህን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ መልሰውት ነበር። ጎተራ በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው መሬቱ እርጥበት እንዳይሰጠው ነው። ውስጡ በጭቃና በአዛባ የሚመረገው እህሉ እንዳይፈስና ተባይ እንዳይገባ ነው። ክዳኑ ሳር በመሆኑ ቀን አይግልም፣ ሌሊትም አያልብም። በሐረርጌ ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድም የራሱ ብልሃት አለው፤ በጥብቅ ሲዘጋ አየሩ ያልቅና ተባዩ ይታፈናል። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ባለ ሦስት ሽፋን አየር የማያስገባ ከረጢት የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ሲባል ግን ወደ ድሮው እንመለስ ለማለት አይደለም። ጎተራን አይጥ ያሸንፈዋል፤ ጉድጓዱም ዳርዳሩ ላይ እህሉን ያሻግታል። የአንድ ቤተሰብ ጎተራ ደግሞ የአንድ ማኅበርን እህል አይችልም።

ወደ እንጨቱ እንለፍ። ሲሚንቶ ይብቃ፣ በእንጨትና በጭቃ እንሥራ የሚል አስተያየት በየስብሰባው ይሰማል። የጭቃ ቤት ግን በእንጨት የተሞላ ቤት ነው። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ ሁሉም ከዛፍ ነው። ቀድሞ ቋሚው ጥድ ወይም ወይራ ነበር፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍራቸውም። ያ ደን ተመንጥሮ አለቀ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ አዲስ አበባ እንጨት ጠፍቶባት በተቸገረች ጊዜ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ ከተማዋም ከመነቀል ዳነች ይባላል። ከዚያ ወዲህ የገበሬው ባንክ ሆኗል። ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ገንዘብ ሲቸግር ይሸጣል። ነገር ግን በምንጭ ራስና በእርሻ ዳር ሲተከል የሚያደርገውን እዚህ ላለው ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ዋናው ጠላት ምስጥ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ የባሕር ዛፍ ቋሚ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ባዶ ቅርፊት ይሆናል። ያኔ ቤቱ ያዘነብላል፤ ባለቤቱም እንደገና መጥረቢያ ይዞ ይወጣል። ብዙ ሰው መፍትሔ ብሎ የያዘው የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ነው። ምስጡን ለጊዜው ያርቃል፤ ዘይቱ ግን ወደ አፈር ይሰርጋል፣ በእህል ቤት ውስጥ ደግሞ ሽታው ሳይቀር ወደ ጆንያው ይሄዳል። አካባቢ ለመጠበቅ ተብሎ በተሠራ የእንጨት መጋዘን ሥር መርዝ ማፍሰስ የሚያስኬድ አይደለም። ከዚህ የሚሻለው እንጨቱን ጭራሽ አፈር አለማስነካት ነው። የድንጋይ መሠረት ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ቋሚው በዚያ ላይ ይቀመጣል። ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገድ መሥራት ግድ ይሆንበታል፤ መንገዱ ከውጭ ስለሚታይ በየሳምንቱ በመጥረጊያ ማፍረስ ይቻላል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ድንጋይ ካለበት ቦታ ነው። ድንጋይ በሌለበት የመረሬ ሜዳ ድንጋዩን በመኪና ማምጣት ሌላ ወጪ ነው።

ሲሚንቶስ? ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን ከሸክላ አፈር ጋር 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት በማቃጠል ነው። ከነዳጁ ጭስ በተጨማሪ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በዓለም ላይ ከሚወጣው የዚህ ጋዝ መጠን ከመቶ 7 እስከ 8 ያህሉ ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። ዝናብ ሲዛባና በልግ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው በዝናብ የሚያርስ ሰው ስለሆነ ይህ ለአርሶ አደር የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚያ ባሻገር ገጠር ያለ ማኅበር ለሲሚንቶ የሚከፍለው ከፋብሪካው ዋጋ በላይ የመኪናውን ጭነት፣ የጉልበቱን፣ በዝናብ የደረቀውን ኩንታል ጭምር ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ተወዶና ጠፍቶ ስንት የተጀመረ ሥራ ወገቡ ላይ እንደቆመ ሁሉም ያስታውሳል። የተቃጠለ ጡብም ያለ እንጨት አይሆንም፤ ምድጃው የሚበላው ያንኑ ባሕር ዛፍ ነው።

በመካከል ያለው መንገድ የተጨመቀ የአፈር ብሎክ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ፣ ሲንቫ ራም የተባለ በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ ተፈለሰፈ። ሁለት ሦስት ሰው በረጅም መጫኛ ብረት አፈሩን ይጨምቀዋል፤ እሳት የለም፣ መብራት የለም። አፈሩ ውስጥ ጥቂት ሲሚንቶ ይገባል። በ100 ኪሎ ደረቅ አፈር 6 ኪሎ ቢታሰብ፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከ1,600 ኪሎ በላይ አፈር ያጠነክራል። ብሎኩ የሚሠራው እዚያው ግንባታው ቦታ ስለሆነ የመኪና ወጪው ይቀንሳል፣ ጉልበቱም በአባላት ይሸፈናል።

ይህም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። አፈሩ ሁሉ አይሆንም። መረሬ ፈጽሞ አይሆንም፤ ብሎኩም እንደ መሬቱ ይሰነጠቃል። አሸዋ የበዛበትና ጥቂት ሸክላነት ያለው ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ይሻላል፤ ላይኛው ጥቁር ለም አፈር ተገፎ ለእርሻ መመለስ አለበት እንጂ ከብሎክ ጋር መቦካት የለበትም። ለመለየት ላቦራቶሪ መጠበቅ አያሻም። የጠራ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በአፈር ይሞላል፤ ቀሪው ውሃ ይሆናል፤ ጨው ቆንጠር ተደርጎ ይጨመርበትና በደንብ ተበጥብጦ ይቀመጣል። አሸዋው ወዲያው ከታች ያርፋል፣ ደለሉ ቀጥሎ፣ ሸክላው ከሰዓታት በኋላ ከላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ንብርብሩን በማስመሪያ መለካት ነው። ከዚህ በኋላ ጥቂት ብሎክ ተሠርቶ፣ ከደረቀ በኋላ ውሃ ውስጥ አሳድሮ ማየት ይገባል፤ ከሟሟ አፈሩ ወይም ልኩ ተሳስቷል። ብዙ ቦታ ሥራው የከሸፈው መጭመቂያው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ብሎኩ በተሠራ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ላይ ስለተሰጣ ነው። ሲሚንቶ የገባበት ነገር ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ተሸፍኖ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ይፈልጋል። ለችኩል ተቋራጭ 28 ቀን ረጅም ነው።

ስለ ጭድም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ባለሙያ ነን የሚሉ ሲረሱት ይታያል። ምርጊት ያለ ጭድ አይያዝም፤ ከሁሉም የጤፍ ጭድ ይመረጣል። ያው ጭድ ግን የበሬ ቀለብ ነው። በደረቅ ዓመት አንድ ሸክም ጭድ ወደ ግድግዳ ሲሄድ ከአንዱ ገበሬ በሬ አፍ ተነጥቆ ነው። በጥሩ ዓመት ጭዱን ገዝቶ ማቆየት፣ ወይም የተጨመቀ ብሎክ ያለ ምርጊት መተው የሚቻልበትን መንገድ መፈለግ ይሻላል።

ክዳንን በተመለከተ ቆርቆሮን መሳደብ ፋሽን ሆኗል። አርሶ አደሩ ቆርቆሮ የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የክዳን ሳር የሚበቅልበት መሬት ታርሷል፤ ሳር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ እሳት ይፈራል። ለመጋዘን ከቆርቆሮ ሌላ የሚቀርብ ክዳን በብዙ ቦታ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ቆርቆሮው እንዴት ይቀመጥ የሚለው ነው። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ቤት ጠባቦቹን ግድግዳዎች ብቻ ለጠዋትና ለማታ ፀሐይ ይሰጣል፤ ይህ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ክፈፉ ሰፋ ብሎ ከወጣ ግድግዳውን ከፀሐይም ከዝናብም ይጋርዳል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ገብቶ በመካከሉ አየር ቢያልፍ ግለቱ ወደ እህሉ አይወርድም፤ ጠብታውም በጆንያ ላይ አያርፍም።

ከዚያ ውሃው አለ። 10 በ20 ሜትር የሆነ መጋዘን 200 ካሬ ሜትር ቦታ ይሸፍናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር በዚያ ጣራ ላይ 200,000 ሊትር ይወርዳል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 160,000 ሊትር ይቀራል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው በግድግዳው ሥር ነው፤ መረሬውን የሚያሳብጠው፣ መሠረቱን የሚቦረቡረው እርሱ ነው። አሸንዳና ማጠራቀሚያ ካለ ደግሞ ለችግኝ ጣቢያና ለከብት ይሆናል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በዘመቻ የተቆፈሩት የውሃ ማቆሪያዎች ብዙዎቹ ውሃ ሳይዙ ስለቀሩ ሰው ነገሩን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የጣራ ውሃ ግን ደለል አያመጣም፤ የሚሄድበትም መንገድ የታወቀ ነው። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው አሸንዳ መሆኑ ያሳዝናል።

እስካሁን የተነሳው የዕቃና የአሠራር ነገር ነው። ከዚህ የሚከብደው የሰው ልብ ነው። በገጠር ብሎኬት የዕድገት ምልክት ሆኗል። የአፈር ብሎክ ሲባል አባላት «ሃምሳ ዓመት ጭቃ ውስጥ ኖረን አሁንም ጭቃ?» ይላሉ። ይህን ንቀት ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ድሃ ተብሎ መታየት የሰለቸው ሰው የሚያቀርበው ጥያቄ ነው።

ሁለት የአፍሪካ ሥራዎች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ሐሰን ፈትሂ የተባለው የግብፅ አርክቴክት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ መንደር በጭቃ ጡብ ሠራ። ቤቶቹ ቀዝቃዛ፣ ያማሩና ርካሽ ነበሩ፤ ስሙም በዓለም ተሰማ። እንዲገቡበት የታሰቡት ሰዎች ግን ከነባሩ መንደራቸው መነሳት አልፈለጉም፤ ኑሯቸው የተያያዘው ከጥንቱ መቃብሮች አካባቢ ጋር ነበር። መንደሩ ሳያልቅ ቀረ። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደው ፍራንሲስ ኬሬ ደግሞ በጀርመን አገር እየተማረ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ሲጀመር የመንደሩ ሰዎች አፈር ክረምቱን አይችልም ብለው ተጠራጥረው ነበር። እርሱም ከእነርሱ ጋር ሆኖ፣ እያሳየ፣ በእነርሱው እጅ አሠራው። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የገባበት የተጨመቀ አፈር ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ ነገር ግን ከሸክላው ኮርኒስ በላይ በቀጭን ፌሮ በተሠራ ተሸካሚ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል። የዚያ አዛውንት «ላብ» እዚያ ቤት ውስጥ አይታይም። ሥራው በ2004 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን ሽልማት አገኘ፤ ኬሬም በ2022 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። ሁለቱም የአፈር ቤት ነው የሠሩት፤ አንደኛው ለሕዝቡ፣ ሁለተኛው ከሕዝቡ ጋር።

ከአገር ውስጥም ምሳሌ አለ። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የሚሸምኑት ቤት ሲሠራ እጅግ ረጅም ነው። ምስጥ ከሥር በበላው ቁጥር ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ረጅም ሆኖ የተሠራውም ምስጥ እንደሚበላው ስለሚታወቅ ነው። ባለቤቱ ቢፈልግ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ጠላቱን በሒሳብ ውስጥ አስገብቶ የተሠራ ቤት ነው። በአብዛኛው ፕላን ላይ ግን ምስጥም፣ መረሬም፣ አይጥም አልተሳሉም።

የመጨረሻው የገንዘብ ነገር ነው። ጨረታ ሲወጣ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ዋጋው ግን የምረቃውን ቀን ብቻ ነው የሚቆጥረው። 2,000 ኩንታል የሚይዝ መጋዘን አለ ይባል። በላብና በነቀዝ በዓመት ከመቶ 5 ቢጠፋ 100 ኩንታል ነው፤ በ10 ዓመት 1,000 ኩንታል፣ የመጋዘኑ ግማሽ ይሆናል። ለኮርኒስ፣ ለአሸንዳና ለሰፊ ክፈፍ ተብሎ የሚጨመረው ወጪ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ምን ያህል ነው? ይህን ሒሳብ ጨረታ ኮሚቴ አይሠራውም፤ ተቋራጩም አይሠራውም፤ ኪሳራው የሚደርሰው በአባላት ላይ ስለሆነ አባላት ናቸው ሊሠሩት የሚገባ። የአፈር ግድግዳ በየዓመቱ መታየት፣ የተቦረቦረው መመረግ ይፈልጋል። ለዚህ በጀት የሚመድብ መሥሪያ ቤት አይገኝም፤ ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ከማንም የተሻለ ነገር አለው፤ ደቦ አለው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ አንድ ቀን ደቦ ወጥቶ ግድግዳና ቦይ ማየት በመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በመጪው በጋ መጋዘን ለመሥራት ያሰቡ መሠረታዊ ማኅበራት አሉ። ለእነርሱ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቦታውን ማየት ነው። ለማኅበር የሚሰጠው ቦታ ብዙ ጊዜ ለእርሻ አልሆን ያለ ውሃ የሚተኛበት ረግረግ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቦታውን ከመቀበል በፊት በነሐሴ ሄዶ በእግር መርገጥ ይበጃል። አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩን ለፕላን አውጪው ማሳየት፣ የጠርሙሱን ፈተና በኅዳር መጨረስ፣ መጭመቂያውን ከዩኒየኑ ወይም ከጎረቤት ማኅበር ተራ ማስያዝ ነው። ከጥምቀት በኋላ አዝመራው ተሰብስቦ እጅ ሲፈታ ብሎክ መጭመቅ ይጀመራል። ጥር 15 የተጨመቀው ብሎክ የካቲት 13 ቀን 28 ቀኑን ይሞላል። ግድግዳው በመጋቢት ቢነሳ፣ ክዳኑ በሚያዝያ ቢገባ፣ አሸንዳው ደግሞ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ቢሰቀል፣ የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳል።